የክሬሉ ሞዴል ፈተና

ኢሽቤል ማክአስኪል ግንባሯን የፈተና ወረቀቷ ላይ እንደደፋች ሞተች። በክፍሉ ውስጥ ከእሷ ሌላ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሦስቱም ጓደኞቿ፣ ሦስቱም ኤድንብራ ውስጥ ኪንሎክ በሚባል የኢንቨስትመንት ድርጅት አብረዋት የሚሠሩ፣ ሦስቱም ጆሮም ዓይንም ያላቸው። ልጅቷ ትንፋሽ አጥሯት ስትንፈራገጥ ሦስቱም ጥያቄ ይሠሩ ነበር። የማድ ቤቱ ሰዓት ጮኾ ፈተናው እስኪያበቃ ድረስ አንዳቸውም ዞር ብለው አላዩአትም።

ኢንስፔክተር ሞራግ ጊልክሪስት ይህን በስልክ ስትሰማ ሳጅን ዱጋል የተሳሳተ መስሏት ሁለት ጊዜ አስደገመችው። ሦስተኛ ሊደግምላት ሲል ዘጋችበትና መኪናዋን አስነሳች። ክሬል ወደምትባለው የወደብ መንደር በሚወስደው ጠባብ መንገድ ላይ ከፊቷ የተገኘውን ትራክተር ሁሉ እየተሳደበች ደረሰች። ሞራግ ቁጡ ሴት ናት። ባልደረቦቿ ያለ እሳት የምትፈላ ይሏታል፤ ዛሬ ግን እሳትም ነበር።

ቤቱ ወደቡን ቁልቁል የሚያይ አሮጌ የድንጋይ ቤት ነው። አራቱ ወጣቶች ለሳምንት የተከራዩት ለሽርሽር አይደለም። የኢንቨስትመንት ተንታኞች ፈተና የሚባል አናት የሚያዞር ነገር አለ፤ ሁለተኛውን ደረጃ ሊፈተኑ ቅዳሜ ኤድንብራ አዳራሽ ሊገቡ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከሥራ ሲወጡ በደከመ ዓይን እያነበቡ፣ እሑዳቸውን እየሰው ኖረዋል። ድርጅቱ ለጥናት ብሎ የለቀቃቸው ይህችኑ ሳምንት ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ የወደቀ ደግሞ ሻንጣውን ይዞ ይሰናበታል። ስለዚህ በየጠዋቱ ሞዴል ፈተና ይቀመጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ የሳቱትን ሲያርሙ ይውላሉ።

ሞራግ በሩ ላይ ስትደርስ የአትክልቱ ቱሊፕ ሁሉ ተቆራርጦ መሬት ላይ ተነጥፏል። ጎረቤቱ ሽማግሌ የተሰበረ መስታወት በመጥረጊያ እየሰበሰቡ ጠዋት የወረደውን በረዶ ይራገማሉ። እንደ ጠጠር ሲወርድ የአትክልት ቤታቸውን የመስታወት ጣራ እንዳልነበር አድርጎታል። ሞራግ አንገቷን ነቅንቃ ገባች።

ክፍሉ ውስጥ አራት ጠረጴዛዎች አሉ፤ እያንዳንዱ ወደየራሱ ግድግዳ የዞረ ነው። ተፈታኞቹ ጀርባ ለጀርባ ነው የሚቀመጡት። በአንዱ ጥግ የእንጨት ምድጃ እስካሁን ይሞቃል። ኢሽቤል በቀኝ እጇ የአድሬናሊን መርፌ እንደጨበጠች ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታለች። ፊቷ አብጧል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል።

«ኦቾሎኒ» አለ ዱጋል። «ከልጅነቷ ጀምሮ አለርጂ አለባት። ሐኪሙ ቅንጣት ትበቃታለች ይላል። በመርፌው ጭኗን ወግታ ነበር፤ ግን ምንም አልሠራላትም።»

ሞራግ ጓንቷን አጥልቃ መርፌውን ከሟቿ ጣቶች መሀል አወጣች። ጫፉን ጠረጴዛው ላይ ተጫነችው፤ ቀጭ አለ እንጂ ምንም አልወጣም። መርፌ የሚባል ነገር የለበትም። አምራቾቹ ሰው እንዲለማመድበት ከእውነተኛው ጋር የሚሰጡት ባዶ መለማመጃ ነው። መለማመጃ መሆኑን የሚናገረው ጽሑፍ በጥፍር ይሁን በቢላ ተፍቆ ጠፍቷል።

«ዱጋል፣ ይሄ አደጋ አይደለም።»

«አይደለም» አለ።

ሞራግ ጠረጴዛውን አየች። ካልኩሌተር አለ፤ በብርማ ወረቀት እንደተጠቀለለ ያልተነካ የአጃ ብስኩት አለ። መርፌው የሚቀመጥበት ቢጫ ማኅደር ክፍት ነው። አንድ እስክሪብቶም ወለሉ ላይ ወድቋል፤ ጫፉ አይጥ እንዳገኘው በጥርስ ተበልቷል። እሱን ራሷ አንስታ በላስቲክ አሸገችው፤ ሁሉን ትተው መጀመሪያ ይህን እንዲመረምሩላት አዘዘች። ዱጋል ብስኩቱስ ሲላት ወደ ማድ ቤቱ ዞረች።

ሦስቱ ማድ ቤት ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ወደ ሌላው ክፍል ያስገባችው ሮሪ ሲንክሌርን ነው፤ ረጅም፣ መነጽራም፣ አፍንጫው የሚያስቸግረው ልጅ። ወንበር ሲስብ እንኳን እጁ ላይ የቀመር ካርዶች ነበሩ። ሞራግ ስለ ኢሽቤል እየጠየቀችው ዓይኑን ወደ ካርዱ ሰረቅ ሲያደርግ አየችው። እጇን ዘረጋችና ካርዶቹን ነጥቃ ኪሷ ከተተቻቸው።

«ኢንስፔክተር፣ እሱ እኮ...»

«አንዲት ልጅ ከኋላህ ሞታለች።»

«አውቃለሁ። ግን ፈተናው ከነገ ወዲያ ነው። አንዴ ወድቄያለሁ። እሷ እንደሆነ አትመለስ...» አለና የተናገረው ለራሱም ተሰምቶት አፉን ያዘ።

ሞራግ በጥፊ እንዳትለው ሁለት እጆቿን ጠረጴዛው ሥር አቆላለፈች። ከዚያ በኋላ ሮሪ የተጠየቀውን ሁሉ ዘረገፈው። የአዳራሹ ሕግ የሚሉት ነገር አላቸው። እውነተኛው አዳራሽ ውስጥ የሚያለቅስ አለ፣ የሚያስመልሰው አለ፣ ብድግ ብሎ የሚወጣ አለ፤ ዞሮ ያየ ሰው ጥያቄ ያመልጠዋል። አምና አብራቸው ያለችው ኡና ጎኗ የነበረው ሰው ራሱን ስቶ ቢወድቅ ውሃ ላጠጣው ብላ ተነሣች፤ በጥቂት ነጥብ ወደቀች። ዘንድሮ ሌላው ጓደኛቸው ፊንሌይ ሕጉን አወጣ፤ ሁሉም ተስማሙ። ቦርሳና ስልክ ኮሪደር ላይ ይቀራል፤ ጆሮ ይደፈናል፤ ፊት ወደ ግድግዳ ይዞራል፤ ሰዓቱ እስኪጮኽ ምንም ቢሆን ምንም ቀና ማለት የለም። ቀና ያለ የሁሉንም ቢራ ይከፍላል።

«ቢራ» አለች ሞራግ።

«ለቀልድ ነው» አለ ሮሪ።

እስክሪብቶና ካልኩሌተር፣ የኢሽቤልም ቢጫ ማኅደር፣ ከዋዜማው ጀምሮ ኮሪደሩ ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ። መለማመጃውም እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ ኢሽቤል በመጡ ዕለት ሁሉንም ሰብስባ እንዴት እንደሚወጋ ያሳየቻቸው በእሱ ነው። ማንም ሲያልፍ ሲያገድም ሊነካው ይችላል። ሞራግ በመጨረሻ አንድ ነገር ጠየቀችው። ፈተናው ከተጀመረ እስኪያልቅ ከወረቀቱ ውጭ ምን ሰማህ፣ ምን አየህ?

«ምንም። ጊዜ የት አለና?» ቆይቶ ግን አንድ ነገር ትዝ አለው። «መጀመሪያ ላይ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ራሴን አመመኝ። ምድጃው መሰለኝ።»

«ምድጃውን ማን ነው የሚያነደው?»

«ፊንሌይ። እኛማ ጭሱን ብቻ ነው የምናስነሳው።»

ስለ በረዶው ስትጠይቀው አፍጥጦ አያት። በረዶ መውረዱን አላወቀም።

ኡና ሪድ ስትገባ ዓይኗ እንደ በርበሬ ቀልቷል። ከኢሽቤል ጋር ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል ያደሩ ናቸው። ብስኩቱን የጋገረችው እሷ ናት፤ ዕቃውን ሦስት ጊዜ አጥባ፣ የኦቾሎኒ ዘር በቤቱ እንዳይገባ ተጠንቅቃ። ሞራግ ከመጠየቋ በፊት ዱጋል በጆሮዋ አንድ ነገር ሹክ አላት። ከኡና ቦርሳ ውስጥ እውነተኛ፣ ያልተነካ የአድሬናሊን መርፌ ተገኝቷል።

«የሷ ነው» አለች ኡና። «ሁልጊዜ ሁለት ነው የሚታዘዝላት። አንዱን እሷ ትይዛለች፣ መጠባበቂያውን እኔ እይዝላታለሁ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆነን ነው የጀመርነው።»

«ይህን ሌላ የሚያውቅ አለ?»

«እኔና እሷ ብቻ። ሰው እንደ በሽተኛ እንዲያያት አትፈልግም ነበር።»

ሞራግ ልጅቷን ትክ ብላ አየቻት። እውነት የምትናገር ይመስላል፤ ግን ወህኒ ቤት የሞላው እውነት በሚመስሉ ሰዎች ነው። ከወረቀቱ ውጭ ምን ሰማሽ አለቻት። ኡና ምንም አለች፤ ዓይኗ ግን ከሞራግ ፊት ሸሸ። በረዶውን ስትጠቅስላት «የምን በረዶ?» ብላ በመስኮት ወደ ተቆራረጠው ቱሊፕ ዞረች፤ ገና ማየቷ ነበር።

ልትወጣ ስትል ቆም አለች። ማክሰኞ ዕለት ኢሽቤል ተናዳ አንድ ነገር ነግራታለች። «ከመሀላችን አንዱ የመጀመሪያውን ደረጃ በራሱ ጭንቅላት አላለፈም አለችኝ። ቅዳሜ አዳራሽ ከመግባቱ በፊት ራሱ ለድርጅቱ ይናገር፣ ካልተናገረ እኔ እናገራለሁ ብዬዋለሁ አለች። ማን ነው ብላት እምቢ አለች። ዕድል ሰጥቼዋለሁ፣ ስሙን ማጥፋት አልፈልግም ነው ያለችው።»

ፊንሌይ ካርማይክል የመጨረሻው ነው። ከሦስቱ ሁሉ ሰው የሚመስለው እሱ ነበር። ለሞራግ ወንበር ሳበላት፣ ሻይ ላፍላልዎት ወይ አላት፣ ስለ ኢሽቤል ሲያወራ ድምፁ ተቆራረጠ። ሮሪን ሰምታ የመጣች ሞራግ ለአፍታ ልቧ ራራለት። እንደ ሌሎቹ ጆሮውን ደፍኖ፣ ግድግዳውን አይቶ ሲሠራ እንደነበር ነገራት። ከወረቀቱ ውጭ ምን ሰማህ ስትለው አሰብ አደረገ።

«ሊረዳዎት ከቻለ ሁሉንም ልንገርዎት። ገና እንደጀመርን የዓሣ መኪናው ጥሩምባ ነፋ። ከዚያ ያ በረዶ ወረደ፤ ሽማግሌው ሰማዩን ሲሳደቡ ነበር። ሮሪ አፍንጫውን ሲስብ ቆየ። ኢሽቤልም አንድ ሁለቴ በረዥሙ ስትተነፍስ ሰማኋት፤ ጥያቄው የከበዳት መሰለኝ። ምነው ያን ጊዜ ዞር ባልኩ ኖሮ!»

«ጥሩ ጆሮ አለህ» አለች ሞራግ።

«እናቴም እንዲህ ትለኛለች» አለ በሐዘን ፈገግ ብሎ።

ከወጣ በኋላ ሞራግ ወደ ፈተናው ክፍል ተመለሰች። ከዚያ ከሮሪ ጠረጴዛ ላይ ሁለቱን የጆሮ መድፈኛዎች አንስታ ጆሮዋ ውስጥ ወተፈች፤ ዱጋልን ከኋላዋ ቆሞ የፈለገውን እንዲናገር አዘዘችው። ዱጋል አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፤ ቆይቶ ፊቱ ቀላ።

«ምን አልከኝ?» አለች መድፈኛውን እያወጣች።

«ጠባይሽ ጥሩ ነው አልኩ።»

«ውሸታም። ቀኑን ሙሉ ብትሰድበኝም አልሰማህም።» ተነሥታ ኮቷን አነሣች። «ምድጃውን ማንም እንዳይነካው። ቀዝቅዞ ሲያልቅ አመዱን በወንፊት ንፉልኝ። አንተ ደግሞ ያንን መነጽራም ጠይቀው፤ ፊንሌይ ወንድም አለው?»

በማግስቱ ጠዋት አለቃዋ ላሞንት ደወለ። ላሞንት ቸኩሎ የተወለደ ሰው ነው። የኪንሎክ ጠበቆች ሌሊቱን ሲደውሉለት አድረዋል፤ ልጆቹ ለፈተናቸው ይለቀቁ እያሉ ነው። እሱ ነገሩ ያለቀ ነው ባይ ነው። የጋገረችው ኡና፣ እውነተኛው መርፌ የተገኘው ከኡና ቦርሳ፣ ዘንድሮ ብትወድቅ የምትባረረው ኡና፤ ኢሽቤል ግን ወድቃ የማታውቅ ጎበዝ። ምቀኝነት ነው አለ። ማምሻውን ኡና ሪድ በግድያ ትከሰሳለች፣ ሌሎቹ ይሂዱ።

«ብስኩቱ እንደተጠቀለለ ነው እኮ» አለች ሞራግ። «ባልበላችው ብስኩት ነው የሞተችው?»

«ቁርስ ላይ በልታ ይሆናል።»

«ቁርስ ላይ ብትበላ ቁርስ ላይ ትሞት ነበር። ሐኪሙ ቅንጣት ያለኝ ለጌጥ አይደለም።»

«እስከ ማታ ነው ያልኩሽ፣ ሞራግ።»

ስልኩን ስትዘጋ የደም ሥሯ ተገትሮ ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ጓደኛዋን ባጣች በማግስቱ ነፍሰ ገዳይ ተብላ ልትታሰር ነው፤ ለምን ቢባል ጌቶች ቅዳሜ ፈተና ስላለ ነገሩ ቶሎ ይለቅ ብለዋል። ሞራግ ጫማዋን አጥብቃ አሰረችና ወደ ላቦራቶሪው ራሷ ነዳች። ከዚያ እያንዳንዱን ሰው አንድ በአንድ ስትነዘንዝ ዋለች።

አመሻሹ ላይ ሁሉንም በዚያችው ክፍል ሰበሰበች። ሦስቱን በየጠረጴዛቸው፣ ፊታቸውን ግን ወደ መሀል አዙራ አስቀመጠቻቸው። ላሞንት ሰዓቱን እያየ በሩን ተደግፏል። የኢሽቤል እናት ወይዘሮ ማክአስኪል ከስካይ ደሴት መጥተዋል፤ ኮታቸውን ሳያወልቁ የልጃቸው ጠረጴዛ አጠገብ ከኡና ጎን ተቀመጡ። ላሞንት ገዳይዋ ኡና ናት ቢላቸውም አልተቀበሉም፤ ልጄ አብራት የበላቻትን አውቃለሁ ብለዋል።

«መጀመሪያ እስክሪብቶው» አለች ሞራግ። «ፈተና ሲጀመር ለጥቂት ጊዜ ማንበብ እንጂ መጻፍ ክልክል ነው። ኢሽቤል ያን ጊዜ እጇ እንዳይቸኩል እስክሪብቶዋን በጥርሷ ትነክሳለች። ሮሪ፣ ይህን ማን ማን ያውቃል?»

«ሁላችንም። እናሾፍባታለን።»

«እንግዲህ ላቦራቶሪው ዛሬ ነገረኝ። የእስክሪብቶው ጫፍ በኦቾሎኒ ዘይት ተቀብቶ ተጠርጓል። ለእኔና ለእናንተ ምንም አይደለም፤ ለእሷ ሞት ነው። ብስኩቱ ንጹሕ ነው፤ የቤቱ ዕቃ ሁሉ ንጹሕ ነው። ስለዚህ ጌታዬ» ወደ ላሞንት ዞረች፣ «ጋገረች የሚለውን ይተዉት።»

«መርፌውስ?» አለ ላሞንት።

«መርፌው ሁለት ነው። ፋርማሲው ሁለት መስጠቱን አረጋግጦልኛል። ኡና ዘንድ ያለው መጠባበቂያው ነው። ኢሽቤል ማኅደር ውስጥ የነበረው ሌላ ነው፤ እሱን ያወጣ ሰው መለማመጃውን ተካበት። ኡና ብትሆን ኖሮ ግን አንዱን ሰርቃ ሌላውን እጃችን እንዲገባ ቦርሳዋ ውስጥ ትተወዋለች? ገዳዩ መጠባበቂያ መኖሩን ጭራሽ አያውቅም ነበር።» ሞራግ ወደ ምድጃው ሄደች። ከጫፉ አንስታ በላስቲክ የታሸገ ትንሽ ነገር ለሁሉም አሳየች፤ የጠቆረ ሽቦና ቀጭን የብረት መርፌ ነው። «ይኸው የኢሽቤል እውነተኛ መርፌ፣ ከአመዱ የወጣ ነው። ፕላስቲኩ ነዷል፤ ሮሪን የሸተተው እሱ ነው። ብረቱ ግን አይነድም።»

ሮሪ ምድጃውን አየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ፊንሌይን አየ።

«እኔ እንጨት ነው የጨመርኩት» አለ ፊንሌይ ረጋ ብሎ። «ከፈተናው በፊት ማንም እዚያ ሊጥል ይችል ነበር። ይሄ ምንም አያሳይም።»

«ብቻውን ቢሆን አያሳይም ነበር። ትክክል ነህ» አለች ሞራግ። ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ የሚያውቋት ሁሉ ይህን ጊዜ ነው የሚፈሯት። «ሁላችሁንም አንድ ጥያቄ ጠየቅኳችሁ። ሮሪ ምንም አልሰማም። የአፍንጫ ነገር ሆኖበት ሽታ ትዝ አለው እንጂ በረዶ መውረዱን እንኳን አያውቅም። ኡናም አታውቅም። የጎረቤትን ጣራ ያፈረሰ በረዶ! መጀመሪያ ሰው አይደሉም ብዬ ነበር፤ ተናድጄ ነበር፣ አሁንም ንዴቴ አልወጣልኝም። ግን እውነተኛ ተፈታኝ እንደዚያ ነው። ጆሮውን ደፍኗል፤ ጊዜ አንቆታል፤ ዓለም ቢፈርስ አይሰማም። አንተ ግን የዓሣ መኪና ሰማህ። በረዶ ሰማህ። የሽማግሌ ስድብ ሰማህ። የሮሪን አፍንጫ፣ የኢሽቤልን ትንፋሽ ሰማህ። አተርፍ ባይ አጉዳይ ሲሉ አልሰማህም? ልትረዳኝ ብለህ ራስህን አስረከብከኝ።»

«መድፈኛው ላልቶብኝ ነበር።»

«መድፈኛውማ ኪስህ ውስጥ ነበር። ፈተና አልሠራህም። ጥያቄው ምርጫ ነው፤ ዝም ብሎ ክቡን ማጥቆር ለማንም አይከብድም። የተቀመጥከው የዚህችን ልጅ ትንፋሽ ልታዳምጥ ነው። እስኪያልቅ ትጠብቅ ነበር።»

ወይዘሮ ማክአስኪል አንድ ድምፅ አወጡ፤ ኡና እጃቸውን ያዘች። ሴትየዋም አጥብቀው ያዟት።

ፊንሌይ ሳቀ። ለምን ብዬ ነው የምገድላት፣ ጓደኛዬ ናት፣ እኔ እኮ የመጀመሪያውን ደረጃ ከሁሉም በላይ በሆነ ነጥብ ያለፍኩ ሰው ነኝ አለ። ሞራግ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ያለፈው ወንድምህ ኢዋን ነው። ካንተ በአንድ ዓመት ይበልጣል፤ ፈተናውን ሁሉ ጨርሷል። ሮሪ አንዴ ግላስጎ ውስጥ አንተ መስሎት አቅፎት ነበር። ዛሬ ሳጅን ዱጋል ቢሮው ሄዶ አንዲት ልጅ በዚህ ሰበብ ሞተች ሲለው፣ ለመቀመጥ እንኳን አልጠበቀም። ፓስፖርትህን ይዤ ገብቼ ተፈተንኩለት ብሎ አለቀሰ። ኢሽቤል ደረሰችበት። እሷ ግን እንዳንተ አይደለችም። ስምህን ለጓደኛዋ እንኳን ሳትነግር፣ ራስህ እንድትናገር ዕድል ሰጠችህ። ዕድሉን የተጠቀምክበት እንደዚህ ነው።»

ፊንሌይ ፊቱ ተለዋወጠ። ያ የሚያምረው ሐዘኑ ተገፎ ከሥሩ ንዴት ወጣ።

«ምን አገባት?» አለ። «ቤተሰቤ በሙሉ እዚያ ሙያ ውስጥ ነው። እኔ ብቻ ነኝ የማይገባኝ። ዓመቱን ሙሉ ባነብም አይገባኝም! ዝም ብትል ምን ይጎድልባት ነበር?»

«ውሰደው» አለች ሞራግ ለዱጋል። «ከፊቴ ውሰድልኝ፤ በሕግ አምላክ፣ ዛሬ እጄን አላምነውም።»

ዱጋል ካቴና አጥልቆለት አወጣው። ላሞንት ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ኡና ነፃ መሆኗን፣ ሁለቱም መሄድ እንደሚችሉ በለሆሳስ ተናገረና ሹልክ ብሎ ወጣ። ይቅርታ የምትል ቃል ግን ከአፉ አልወጣችም። ሮሪ ካርዶቹን ለመጠየቅ አፉን ሲከፍት ሞራግ ስላየችው መልሶ ዘጋው።

ወይዘሮ ማክአስኪል የኡናን እጅ እንደያዙ ተቀምጠዋል። እንኳን ተረፍሽልኝ አሏት፤ ሁለት ልጅ በአንድ ሳምንት ላጣ ነበር አሏት። ኡና ግን ደስታ ፊቷ ላይ አልታየም። ሞራግ ገባት። ትናንት የኡና ዓይን ለምን እንደሸሸ አሁን ገባት፤ ዝም እንድትልም በዓይኗ ለመነቻት። ይህን ማንም አልጠየቃትም፤ በሕግም አያስጠይቃትም።

«እማማ፣ በረዶውን አልሰማሁም» አለች ኡና። «ግን ወለሉ ሲንቀጠቀጥ በእግሬ ተሰማኝ። ወንበሯን እየመታች ነበር። ወዲያው ነው የተሰማኝ።»

ሴትየዋ አዩአት።

«መጠባበቂያው መርፌስ የት ነበር?» አሏት።

«ቦርሳዬ ውስጥ። እዚህ በሩ ሥር ኮሪደሩ ላይ።»

«ብትነሺ ትተርፍ ነበር?»

ኡና ሞራግን አየቻት። ሞራግ በሕይወቷ ለማንም ዋሽታ አታውቅም፤ አሁን ልትዋሽ አፏን ከፈተች፤ አልሆነላትም። ኡና ራሷ መለሰች፤ ትተርፍ ነበር አለች።

«ታዲያ ወለሉ ሲንቀጠቀጥ ምን አሰብሽ፣ ልጄ?»

«ሰዓት እያለቀብኝ ነው ብዬ አሰብኩ።»

ወይዘሮ ማክአስኪል እጃቸውን ከኡና እጅ ውስጥ ቀስ አድርገው አወጡና ኮታቸውን መቆለፍ ጀመሩ።